የፈረንጁ ቀብር በጋሽ ታሂር መጋዘን

«ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣልሽ! እናቱ ስትቀበር ጅማ ላይ ሲኒማውን ሲያዞር ከርሞ፣ ለተዝካሯ ሲደርስ እንኳ ጠብ ያለች እንባ የለችውም። አባቱ ዝም ቢሉት ይፈረድባቸዋል?»

ደምሌ ይህን የሰማው መሰላል ላይ ቆሞ፣ አራት ሚስማር በከንፈሩ ነክሶ፣ በጋሽ ታሂር መጋዘን ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ሲወጥር ነው። ተናጋሪዋ ከጎረቤቷ ጋር በመስኮቱ ሥር ወደ ንፋስ መውጫ ገበያ የምታልፍ ሴት ነበረች። ሚስማር የነከሰ ሰው መልስ አይሰጥም፤ ባይነክስስ ኖሮ ምን ይላል? መርዶው ጅማ የደረሰው እናቱ ተዋበች ከተቀበረች ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ እንደሆነ ለማን ያስረዳል? ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ታቦር በጭነት መኪና ላይ፣ የሽንኩርት ጆንያ ተደግፎ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያለቅስ መምጣቱን ማን ያምነዋል? ሽንኩርቱን ነው የሚሉት። እንባውን መንገድ ላይ ጨርሶት፣ ለተዝካሩ ሲደርስ ዓይኑ እንደ በጋ ምንጭ ደርቆ ነበር። ሰው ደግሞ የሚያምነው ያየውን እንባ ነው። መንገድ ላይ የፈሰሰውን ማንም አይቆጥርለትም፤ ይህም ግፍ ነው፣ ግፍ እንደሆነ ግን የሚያውቀው ደምሌ ብቻ ነበር።

ከተዝካሩ ወዲህ አባቱ አቶ አዳነ አላናገሩትም። አልረገሙትም፣ ሽማግሌ ፊት አላቆሙትም፣ ደጃቸውንም አልዘጉበትም፤ ዝም አሉት እንጂ። ትናንት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመጣ በሩን ከፈቱለት። ከአንድ ትሪ አብረው በሉ፤ ወጡ ወደ እሱ በኩል ሲያንስ አባትየው በእንጀራ ጫፍ ገፋ አድርገውለታል። ቤቱ እንደ ድሮው ነው፤ የእናቱ መደብ ላይ ያለው ቁርበት እንኳ አልተነሳም፣ የተቀመጠበት ግን የለም። አቶ አዳነ ለውሻው «ውጣ!» አሉት፣ ለበሬው «ተው እንጂ!» አሉት፣ ወጥ የገለበጠችውን ድመት ደግሞ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ወቀሷት። ለልጃቸው ግን ቃል የለም። ደምሌ በሃያ ስምንት ዓመቱ፣ የአዲስ አበባ ልብስ ለብሶ፣ በገዛ አባቱ ቤት በድመት ቀና።

ዛሬ ካላናገሩት ደግሞ መቼም አያናግሩትም። ነገ በጠዋት እሱና ማሽኑ የመጡበት ላንድሮቨር ወደ መካነ ኢየሱስ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ከመጣ ያ መንገድ ተብዬ የፍየል እንኳ አይሆንም፣ እሱም እስከሚመጣው በጋ አይመለስም። አባትየው ደግሞ ሰባን አልፈዋል። ስለዚህ ደምሌ አንድ ነገር አስቦ ነበር፤ ያሰበውም ከሙያው፣ በየአገሩ እየዞሩ ፊልም ከማሳየት ነው። ይዞ ከመጣቸው ሁለት ፊልሞች ስለ ወባ ትንኝ የሚያስተምረውን ትቶ አስፈሪውን መረጠ። በዚህ ፊልም ደሴ ላይ አንድ የጦር መኮንን ጫማውን ጥሎ ሲወጣ አይቷል። ጅማ ላይ ተኳርፈው በየፊናቸው የተቀመጡ ባልና ሚስት ሲተቃቀፉ አይቷል። ሰው ሲፈራ አጠገቡ ያለውን ይይዛል፤ የያዘውን ደግሞ ማንነቱን ሳይጠይቅ ያናግረዋል። አባቱን ከፊልም ማሳያ ማሽኑ አጠገብ ያስቀምጣቸዋል። ክንዱን ይይዛሉ። «በስመ አብ!» ይላሉ፣ ከዚያም «ምንድን ነው ይሄ?» ይላሉ። አንዴ ከጠየቁ አለቀ፣ መልስ ይሰጣል፤ ከመልስ በኋላ ዝምታ የለም። ዕቅዱ ይኸው ነበር፤ ጅል ዕቅድ ቢሆንም ሌላ አልነበረውም።

ጋሽ ታሂር የመጋዘኑን መስኮቶች በጆንያ ይደፍኑ ነበር። በቆብና በነጭ ጢም ያጌጡ፣ የንፋስ መውጫን ሰው ግማሽ ያለበሱ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከአቶ አዳነ ጋር ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ የተዋደዱ። ሃይማኖታቸው ቢለያይም አንዱ የሌላውን በዓል ደግሶ ያውቃል፤ ሥጋው ብቻ ነው ለየብቻ የሚታረደው። መጋዘኑን ያለ ኪራይ የሰጡት ለደምሌ አስበው ነው፤ ይህንን ግን አይናገሩም።

«አሁን ይሄ ፊልም የሚሉት ሲጀመር ምን ብሎ ነው የሚጀመር?» አሉት ጆንያውን በጉልበታቸው ደግፈው። «ደብዳቤም ሰላምታ አለው። እኔ ጨርቅ ስሸጥ መጀመሪያ ጫፉን ነው የማሳይ። ጫፉን ዳስሶ ደስ ያላለው ሰው መሐሉን ግለጥልኝ አይለኝም።»

«እንደሱው ነው ጋሼ» አለ ደምሌ፣ ስለ ሥራው ሲጠየቅ እንደሚሆነው ፊቱ በርቶ። «ጫፉ አምስት ደቂቃ ነው። ሥዕሉ ሳይመጣ በፊት ድምፁ ይመጣል፣ ነፋስ። ሰው በጨለማ ነፋስ ሲሰማ ይሸማቀቃል። ከዚያ ጉም። ጉሙ ውስጥ ምን እንዳለ አያሳይዎትም፤ ፍርሃቱ እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ደወል፣ ከሩቅ። ከዚያ አውሬ ይጮኻል። ከዚያ ሦስት ሰዎች ሣጥን ተሸክመው ይመጣሉ፣ አይናገሩም። እስካሁን ማንም ማንንም አልነካም፣ ልብ ይበሉ። ተመልካቹ ግን ምን ዓይነት ታሪክ ውስጥ እንደገባ አውቆታል፤ ብብቱ ቀዝቅዟል። ከዚያ በኋላ ድመት ብታሳየው ይጮኻል። አምስቱ ደቂቃ ከከሸፈች ግን የቀረው አንድ ሰዓት መሳቂያ ነው።»

ጋሽ ታሂር ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «ነፋስ አልኸኝ? በንፋስ መውጫ?» ብለው ጆንያቸውን መወተፍ ቀጠሉ። ደምሌ ይህችን ነገር ያኔ ልብ ቢላት ኖሮ ደግ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ገበያው ሲላላ ሰው ገባ። ወንድ በስሙኒ፣ ሴት በአሥር ሳንቲም ነው ቢባልም፣ የማሽኑን ጀነሬተር የሚጠብቀው ሾፌሩ ሰይፈዲን ሆደ ቡቡ ስለነበር፣ አንዳንዱ በሁለት እንቁላል፣ አንዳንዱ «ኋላ እሰጥሃለሁ» በማለት ገባ። የገብስ ጆንያ እንደ ወንበር ተደረደረ። መጋዘኑ በርበሬ፣ አዲስ አቡጀዲና የበግ ለምድ ይሸታል። ወንዶቹ በስተቀኝ፣ ሴቶቹ በስተግራ፣ ማንም ሳያዛቸው ቤተ ክርስቲያን እንደሚቆሙት ተለይተው ተቀመጡ። ከሴቶቹ ፊት እትዬ ካሣነሽ ተሰየሙ። እትዬ ካሣነሽ አልቃሽ ናቸው፤ ከንፋስ መውጫ እስከ ቤተ ልሔም እሳቸው ሙሾ ያላወረዱለት ሬሳ እንደ ሬሳ አይቆጠርም ይባላል። ሰው ቤት ቡና ሊጠጡ ሲገቡ እንኳ የታመመ ካለ ደንግጦ ይነሳል። አቶ አዳነ በመጨረሻ ገቡ፤ ጋሽ ታሂር ክንዳቸውን ይዘው፣ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእኔ ስትል» እያሉ አመጧቸው። ማሽኑ አጠገብ ያለው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። ወደ አቡጀዲው ዞረው ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ቀጥ ብለው ቁጭ አሉ።

ደምሌ በሩን አዘጋ፣ ማሽኑንም ለኮሰ።

መጀመሪያ ነፋሱ መጣ። ፈረንጆቹ በምን እንደቀዱት እንጃ፣ በሌላ አገር ሰውን ከነጠላው ጋር የሚያጣብቅ ዋይታ ነው። እዚህ ግን ከመሐል አንድ ሰው፣ «በሩን ዝጉት እንጂ፣ ነፋስ እየገባ ነው» አለ፤ ሌላው ተነስቶ በሩን ቢሞክረው ተዘግቷል። ሁለተኛ ማንም አላነሳውም። ከዚያ ጉሙ አቡጀዲውን ሞላው። «ያው የጉና ጉም ነው» አለች አንዲት ሴት። «እንዲያውም ስስ ነው» አለች ሌላዋ። አውሬው ከሩቅ ሲያላዝን ወንዶቹ ጆሯቸውን አቁመው ካዳመጡ በኋላ፣ ጅብ አለመሆኑን፣ ቀበሮም ቢሆን የታመመ ቀበሮ መሆኑን፣ ለበግ እንደማያሰጋ ተስማሙ። ደምሌ አባቱን በጎን አያቸው፤ ገብስ ለመሸመት ወረፋ እንደያዘ ሰው ተቀምጠዋል። ከዚያ ደወሉ ተደወለ፣ አንድ ጊዜ፣ ቆይቶ ደግሞ አንድ ጊዜ። ሕዝቡ ዝም አለ። «ፈሩ!» አለ ደምሌ በልቡ። አልፈሩም፤ አማተቡ። አደዋወሉ የሞት ደወል መሆኑን ሁሉም አውቆታል።

ሦስቱ ሰዎች ከጉሙ ወጡ። አንዱ ፋኖስ ይዟል፣ ሁለቱ ሣጥኑን ተሸክመዋል። ጥቁር ለብሰዋል፣ አይናገሩም፣ አያለቅሱም። ይህች ቅጽበት ናት ደሴ ላይ መኮንኑን ያስበረገገችው።

አቶ አዳነ ተነስተው ቆሙ።

በዚያ አገር ሬሳ ሲያልፍ ቁጭ የሚል የለም፤ ጠላት ቢሆን፣ ባዳ ቢሆን፣ ስሙ የማይታወቅ መንገደኛ ቢሆን ይነሱለታል። አቶ አዳነ ሲነሱ ወንዶቹ በሙሉ ተነሱ፣ ሴቶቹ ተነሱ፣ ጋሽ ታሂርም «ኢናሊላሂ» ብለው ተነሱ። የማሽኑ ብርሃን ከኋላቸው ነበርና ሲነሱ ጥላቸው አቡጀዲው ላይ ወደቀ፤ የሦስት ሰው ቀብር በአንድ ጊዜ የመቶ ሃምሳ ሰው ሆነ። ራስ በራስ ላይ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ፣ የንፋስ መውጫ ሕዝብ በፈረንጅ አገር ጉም ውስጥ ከሣጥኑ ኋላ ቆመ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። «ምን ያለ አገር ነው፣ ሦስት ሰው ብቻ!» የሚል ሹክሹክታ ዞረ። ደምሌ «ኧረ ተቀመጡ! ገና መጀመሪያው ነው! ፊልም ነው!» ብሎ ቢጮኽም ሰሚ አላገኘም፤ ፊልም መሆኑን ማን አጣው? ቀብርም መሆኑን ግን እያዩት ነው። እትዬ ካሣነሽ ወደፊት አንድ እርምጃ ወጡ፣ ደረታቸውን አንድ ጊዜ መቱ፣ ድምፃቸውንም ለቀቁት።

እናት አልነበረህ፣ እህት አልነበረህ፣
ምነው ሦስት ሰው ብቻ በጉም የቀበረህ!

ከዚያ በኋላ መጋዘኑ መጋዘን አልነበረም። ሴቶቹ ተቀበሉ፣ ወንዶቹ «ወይኔ ወንድሜን!» ብለው አነቡ። ሰይፈዲን ጩኸቱን ከውጭ ሰምቶ ኤሌክትሪክ ሰው የያዘ መስሎት ዘንግ ይዞ ዘሎ ገባ፤ ሰዉ ሁሉ ሲያለቅስ ሲያይ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ኮፍያውን አውልቆ ግድግዳው ሥር ቆመ። አርፍደው የመጡም በከፈተው በር ገቡ፤ አርፋጅ ደግሞ ለቅሶ ላይ ከደጅ ጀምሮ እየጮኸ ነው የሚገባው፣ የጋለውም ለቅሶ በእሱ ይታደሳል። ደምሌ እጁን ማሽኑ ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ። የአምስት ዓመት ሙያው፣ ያ ሁሉ ነፋስ፣ ጉምና ደወል ዓይኑ እያየ አፈር በላ። አባቱ ክንዱን አልያዙትም። ማንም ማንንም አልያዘም። «አለቀልኝ» አለ።

ለቅሶ ላይ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ሙት ነው የሚያነሳው፤ የባዳው ሬሳ በር ከፋች ነው። አንዷ ልጇን አነሳች፣ አንዱ ወንድሙን። እትዬ ካሣነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ዞሩና፣ ሲከፍቱት ብርሃኑ ከሚወጣበት ማሽን ጀርባ የቆመውን ደምሌን አዩት። አጎንብሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለቅርብ ጓደኛቸው ወሬ እንደሚነግሩ ሆነው አወረዱት።

ተዋበች ስትሄጂ ልጅሽ ባይደርስልሽ፣
ዛሬ በመኪና ለቅሶ አመጣልሽ።

ደምሌ መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። ማንም ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ድረስ፣ በጀነሬተርና በሁለት በርሜል ቤንዚን የመጣ ለቅሶ! አፉ ለሳቅ ተከፈተ፣ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ከሆዱ ሥር ተነስቶ፣ ጉሮሮውን ቧጦ፣ «እናቴ!» ብሎ ወጣ። የደረቀው ምንጭ ፈነዳ። ማሽኑን ተደግፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ በአዲስ አበባ ልብሱ እጅጌ አፍንጫውን ጠረገ፣ እንደ ሕፃን። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየው። አቶ አዳነም ዞሩ። ብርሃኑ በከፊል ፊታቸው ላይ ያርፍ ነበርና ጢማቸው እርጥብ መሆኑ ታየ። ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ተመልሰው ወደ ቀብሩ ዞሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማሽኑ ማንንም አልጠበቀም ነበር። ሣጥኑ መቃብር ወርዶ፣ ሦስቱ ሰዎች አፈር ሳይመልሱ ሸሽተው፣ ክዳኑ ሲጢጥ አለ። ነጭ እጅ ወጣ። ቀጥሎ ገርጣ ያለ ፊት፣ የተከፈተ ዓይን። በየትኛውም አገር እዚህች ላይ በሩ ይሰበራል። በጋሽ ታሂር መጋዘን ግን እትዬ ካሣነሽ፣ እንባቸው ገና ጉንጫቸው ላይ እያለ፣ «እልልልል!» አሉ። ሴቶቹ ተከተሉ። «ነፍስ አለው! ነፍስ አለው!» እያሉ ወንዶቹ ተቃቀፉ። አያሌው የተባለ፣ ዕድሜውን በርስት ክርክር የጨረሰ ሰው ጆንያ ላይ ወጥቶ፣ «አላልኋችሁም? ሦስት ሰው ብቻ ለምን ቀበረው? በቁሙ ነው የቀበሩት! ለርስቱ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ከዚህ በኋላ ፊልሙ ከደምሌም ከሠሪዎቹም እጅ ወጣ። ሰውየው በጥቁር ካባው ከቤት ቤት ሲዞር ርስቱን ሊያስመልስ መሆኑን ሕዝቡ አወቀለት። ደሙን ሊጠጣ መጀመሪያ አንገቱን የነከሰው ባለ ባርኔጣ የአጎቱ ልጅ ነው ተባለ። በመስኮት ሲገባ፣ «በበር ቢሄድ መቼ ይከፍቱለታል?» አሉ። ቆንጆዋ ሴት አይታው ስትጮኽ፣ ሞቷል ብላ ሌላ ያገባች ሚስቱ መሆኗ ታወቀና ከሴቶቹ በኩል ብዙ ወቀሳ ወረደባት። ደምሌ እንባውን እየጠረገ መጨረሻውን አሰበ። በመጨረሻው ሦስቱ ሰዎች ተመልሰው የሾለ እንጨት ሰውየው ደረት ላይ ይተክላሉ። ሕዝቡን አየው፤ አያሌው ዱላውን ጨብጧል። ይህን ካዩ አቡጀዲውን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውን ይዘውት ይሄዳሉ። ስለዚህ በሙያ ዘመኑ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ማሽኑን አጠፋና፣ «ፈረዱለት! ርስቱ ተመለሰለት፣ በሰላም ኖረ፣ አለቀ!» አለ። ጭብጨባው የቆርቆሮውን ጣሪያ አናጋው።

በሩ ተከፈተ፣ የአሥር ሰዓት ፀሐይ ገባች። ደምሌ የተሳካለት ነገር ይኑር አይኑር ሳያውቅ፣ ዓይኑ አብጦ፣ በሩ አጠገብ ቆመ። መጀመሪያ የወጡት ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉለት። ስለ ፊልሙ ሊያመሰግኑት መስሎት እሱም ዘረጋ። «እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉት። ሁለተኛው ሰው «እግዜር ያጽናህ» አለው። ሦስተኛውም። ጋሽ ታሂር ግራ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው «አላህ ያጽናህ፣ እናትህ ደግ ሴት ነበረች» አሉት። ያኔ ገባው። ሰዉ ከሲኒማ እየወጣ አይደለም፤ ከለቅሶ እየወጣ ነው፣ ሐዘንተኛውም እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያላለውን ቃል መቶ ሃምሳ ሰው ተሰልፎ ሊለው ነው። የተሰማው ደስታ ይሁን ሐዘን እሱም አልለየውም፣ ሁለቱም ነበር።

አቶ አዳነ ከሰልፉ መሐል እየተጠጉ መጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ደምሌ አባቱ በዝምታ አልፈውት ወደ ውጭ የሚወጡ መስሎት ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ጫማቸው አጠገቡ ሲደርስ ቆመ። እጃቸውን አልዘረጉም። ዞሩና፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አድርገው፣ በስተቀኙ እንደ ሐዘንተኛ ቆሙ።

ሰይፈዲን ከደጅ፣ «ደምሌ! ነገ በስንት ሰዓት እንነሳ?» ብሎ ተጣራ።

ደምሌ አፉን ሲከፍት አባቱ ቀደሙት። «ለቅሶ ሦስት ቀን ነው» አሉ፤ ለሾፌሩ ይሁን ለልጃቸው አልታወቀም። ከዚያ ግን ወደ እሱ ዞሩ፣ ከላይ እስከ ታች አዩትና የጎበጠ ጀርባውን በመዳፋቸው መታ አደረጉት።

«ቀና ብለህ ቁም እንጂ፣ ሰው እየመጣ አይደለም?»

«እሺ፣ አባዬ» አለ ደምሌ፣ ቀናም ብሎ ቆመ።